ለጥር 2019 የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች የጋራ ሙዚቃዊ ተውኔት፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለቱን ከተማ የኪነ ጥበብ ክበቦች የጋራ ተውኔት ዕቅድ እዚሁ እንጨርሰው። እስካሁን የተስማማነው አንድ ሰዓት በሚፈጅ ሥራ ላይ ነው። ታሪኩ በሰኞ ገበያ አንድ ውሎ ነው፣ ተዋንያኑም ከዘጠነኛ እስከ አስራ አንደኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ቀኑ፣ በጀቱና የጥናቱ አካሄድ ገና አልተለየም። የማያስኬድ ነገር ካለ አሁኑኑ ይነገረኝ፣ ወረቀቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከገባ በኋላ መቀየር ይከብዳል።

የኮምቦልቻ መምህርት፦
እኔ ቀኑን ላንሳ። የመጀመሪያው ረቂቅ ታኅሣሥን ይላል። የገና ጾም ላይ ነው፣ መጨፈር የማይፈልጉ ልጆች አሉን። የካቲት ከተባለ ደግሞ በ2019 ረመዳን የሚገባው የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ነው። እሱ ሲያልቅ ሁዳዴ ይጀምራል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ የፈተና ዝግጅት ነው። የእኛ ክበብ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ስለሆነ አንዱን ወገን አስቀርተን የምናሳየው ተውኔት የለም። ክፍት የሚሆነው ከጥምቀት እስከ ረመዳን ያለው ጊዜ ብቻ ነው። የሴሚስተሩ ፈተና ጥር አጋማሽ ላይ ካለቀ ቅዳሜ ጥር 22 ኮምቦልቻ፣ እሑድ ጥር 23 ደሴ እናሳይ። ጥናቱ ጥቅምት ላይ ይጀመር።

የክበብ አስተባባሪ፣ ደሴ፦
በቀኑ እስማማለሁ። በጀቱ ላይ ግን የድምፅ ዕቃ ኪራይ ይቅደም እላለሁ። በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈው የሚኒ ሚዲያ ዕቃ በብዙ ትምህርት ቤቶች አልተተካም። ዘፈኖቹን ስቱዲዮ አስቀርጸን ልጆቹ በፕሌይባክ ቢጫወቱ ስህተት አይኖርም። ወላጅም የጠራ ድምፅ ይሰማል።

የቀድሞ ኪነት አባል፦
ልጄ፣ የዕቃው ነገር እኔንም ያሳዝነኛል። ፕሌይባኩን ግን አልቀበለውም። ልጁ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ፊቱ ይሞታል። አዳራሹ ወዲያው ያውቅበታል። እኛ በኪነት ዘመን፣ የሙዚቃና የድራማ ቡድን ሆነን በየአውራጃው ስንዞር የነበረን ድምፅ ነው፣ ከኋላ ተቀምጦ የሚሰማ ገበሬም አልቸገረውም።

የሚቸግረው እስክስታው ነው። ትከሻውን የሚመታ ልጅ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ረጅም ስንኝ ይዞ መዝለቅ አይችልም። ስለዚህ አዘጋጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውጪ፣ ተቀባይና ጨፋሪ ብሎ ይለይ። አውጪው ቆሞ ይዝፈን። ተቀባዮቹ የገበያው ሻጮች ይሁኑ፣ እቃቸው ፊት ተቀምጠው ይቀበሉት። ጨፋሪው ይጨፍር፣ አዝማቹ ላይ ብቻ ይግባ። እንዲህ ከተደለደለ ማይክ ባይኖርም አብሽሩ፣ ይሰማል።

የሙዚቃ መምህሩ፦
ጋሼ ባሉት ላይ ልጨምር። ተውኔቱ ውስጥ አራቱንም ቅኝት፣ የዜማ ስልቶቹን ማለቴ ነው፣ አስገብተናል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ለወሎ ልጆች ይህ የራሳቸው ሀብት ነው፣ ባቲና አምባሰል የአገራችን ስም አይደሉም? ግን ክራር ቅኝት ሲቀየር አውታሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ተመልካች ፊት ዝም ተብሎ ክራር ሲቃኝ ተውኔቱ ይቆማል። ወይ ሁለት ክራር ይኑረን፣ ወይ በሁለቱ ዘፈኖች መሃል ንግግር ያለው ትዕይንት ይግባ። ማሲንቆ ይህ ችግር የለበትም፣ በአንዷ አውታር ላይ ጣቱን ቀይሮ ያልፋል። ስለዚህ መሸጋገሪያዎቹን ለማሲንቆ ብንሰጥ ደስ ይለኛል።

ሌላው የወንዶቹ ድምፅ ነው። በ14 እና በ15 ዓመት ድምፅ ይሰበራል። ጥቅምት ላይ የመረጥንለት ከፍታ ጥር ላይ ላይደርስለት ይችላል። ዘፈኑን ለልጁ እናውርድለት እንጂ ልጁን ወደ ዘፈኑ አናስጩኸው። ታኅሣሥ ላይ ሁሉንም እንደገና እሰማለሁ።

የኮምቦልቻ መምህርት፦
የበርበሬ ሻጯን ትዕይንት ባለፈው ቅዳሜ ሞክረነው ነበር፣ አካሄዱን ልንገራችሁ። ልጅቷ መጀመሪያ ወደ ተመልካች ዞራ ነበር የምትዘፍነው፣ ልክ እንደ ክሊፕ። «ለገዢዋ ዝፈኝላት፣ ሃምሳ ብር ልታስቀንስሽ ነው የመጣችው» አልኳት። «ቅመሽው፣ አሽትቺው» የሚለውን በንግግር ጀመረች፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ክራሩ ከሥሯ ገባ፣ አራተኛውን እያዜመች በርበሬውን ወደ ገዢዋ አፍንጫ አስጠጋችው። ገዢዋ የሆነችው ልጅ እውነትም አስነጠሳት። ሁሉም ዘፈን እንዲህ ከጉዳይ ቢነሳ እላለሁ። የዘፈኑ ግጥም ጥሩ ስለሆነ ብቻ ትዕይንት አናቁም።

የተማሪዎች ተወካይ፦
መምህሮቼ፣ የእኛን ችግር ልናገር። ፈረቃ ስለሆንን ከሰዓት የሚማሩት የሳምንቱን ጥናት አይደርሱበትም። ሴቶቹ ደግሞ ከአስራ ሁለት ሰዓት በኋላ ቤተሰብ አይፈቅድላቸውም። ሁላችንም የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ ዳገቱን የሚወጡት ልጆች የሚኒባስ ሂሳብ ከኪሳቸው ከከፈሉ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራሉ። ድምፅ ማጉያው ቀርቶ መኪና ቢኖረን እንመርጣለን።

የክበብ አስተባባሪ፣ ደሴ፦
ይህ አሳመነኝ። የኪራዩን ገንዘብ ለመኪና አዙሩት። ለንግግሩ ሁለት ማይክ ከየትምህርት ቤቱ እንዋሳለን። መብራቱን በተመለከተ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች እንዲያግዙን ደብዳቤ ልጻፍ።

ሰብሳቢዋ፦
እንግዲያው ረቂቁ ላይ እንዲህ አሰፍራለሁ። «ጥናቱ ከጥቅምት ወር ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት በደሴና በኮምቦልቻ እየተፈራረቀ ይካሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለንባብና ለዜማ፣ ቀጥሎ ለመድረክ እንቅስቃሴ፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ለሙሉ ጥናት ይውላሉ። ዘፈን በሙሉ በቀጥታ ይቀርባል። ከተጠየቀው በጀት ትልቁ ድርሻ ለተማሪዎች መጓጓዣና ለምሳቸው ነው።» ምሳውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ርቦት የሚያጠና ልጅ ድምፅ አይወጣውም።

የቀረን ሁለተኛው ክራር ነው። ጋሼ፣ ያውቃሉ የሚሉት የክራር ሠሪ ዘንድ እስከ ረቡዕ ዋጋውን ቢጠይቁልን ቁጥሩን አስገብቼ ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱን አደርሳለሁ።

የቀድሞ ኪነት አባል፦
ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። አውታሩ ከጅማት ነው ወይስ ከሽቦ የምትፈልጉት? መምህር፣ እሱን ብቻ ንገረኝ።