ቤት ሊከራይ የመጣን ሰው ምን ብላችሁ ነው የምትጠይቁት?

የአባዶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የካ አባዶ 4ኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ። ያለፈው ተከራይ "ብቻዬን ነኝ፣ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው" አለኝና አመንኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ አራት ሰው ሆኑ፣ ሳሎን ውስጥ እንጀራ እየተጋገረ ለሱቅ ይከፋፈል ጀመር፣ የግድግዳው ቀለም በእንፋሎት አብጦ ተላጠ፣ የታችኛዋ ጎረቤቴማ በየቀኑ ነበር የምትደውልልኝ። እንደምንም ለቀቀ። አሁን ደላላው ቅዳሜ ሦስት ሰው አመጣለሁ ብሏል። እኔ ደግሞ ፊት ለፊት ስሆን አፍራለሁ፣ "ሥራህ ምንድነው?" ብዬ ዝም ነው። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ጀሞ ሁለት፦
እህቴ፣ "ብቻህን ነህ ወይ?" ካልሽው እኮ መልሱን አንቺው ሰጠሽው። "ማታ ስንት ሰው ያድራል? ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ዘመድ አለ?" በይው። እንጀራ ይጋግራል ወይስ ይገዛል የሚለውንም ጠይቂ፣ አትሳቂ የምሬን ነው። ከዛ የድሮ አከራዩን ስልክ ተቀበዪ። አሁን ያለበትን ሳይሆን ከዛ በፊት የነበረበትን፣ ምክንያቱም የአሁኑ እንዲለቅለት ከፈለገ "ወርቅ ልጅ ነው" ይልሻል። ደላላው የሚልሽን ተዪው፣ ኮሚሽኑን ከተቀበለ ስልክሽንም አያነሳ።

ሰሚት፦
አሁን እኮ እንደ ድሮው "ልጄ ልታገባ ነው፣ ቤቱን ፈልጌዋለሁ" ብሎ ማስወጣት የለም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ አይችልም፣ መመዝገብም አለበት። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ "ስንት ጊዜ ለመቆየት አስበሃል? ወረዳ አብረን ሄደን እናስመዘግባለን፣ መታወቂያህ የታደሰ ነው?" በይው። "ለምን እንደክማለን፣ እዚሁ እንፈራረም" ካለሽ ሁለተኛውን ሰው አስገቢ።

አምስት ቤት የቀየረ ተከራይ፦
ከተከራይ ወገንም ስሙ እንጂ። ብሄሬንና ሃይማኖቴን ጠይቀውኝ ስለ ኪራዩ አንድ ቃል ያልተነፈሱ አከራዮች ገጥመውኛል። አንዲት እናት ግን "ደሞዝ የምትቀበለው ወር በገባ በስንት ነው?" አሉኝ። በ28 ስላቸው የኪራዩን ቀን በ30 አደረጉልኝ፣ ሦስት ዓመት ስኖር አንድ ቀን አልተጨቃጨቅንም። አንቺም ደግሞ ንገሪው። ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል? 4ኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል? የጥበቃና የጽዳት መዋጮ የማን ነው? ይሄን ደብቃችሁ አከራይታችሁ ተከራይ ውሸታም ነው ስትሉ ያናድዳል።

የአባዶዋ፦
ሃሃ ያዝከኝ። ውሃው ማክሰኞና አርብ ነው፣ ያውም ሌሊት። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ። የእንጀራውን ግን ስማቸውን ሳልጠይቅ ነው የምጠይቃቸው።