የሲመንስ ባቡር ይከፈት ወይስ ይቅር?

የሽፓንዳው፦ በርሊን ውስጥ ቬርነርቬርክ፣ ሲመንስሽታትና ጋርተንፌልድ የሚባሉ ሦስት የኤስባን (የከተማ ባቡር) ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ተዘግተዋል። አሁን መስመሩን አድሶ በ2029 ለመክፈት ታቅዷል። እኔ ይከፈት ባይ ነኝ። እናንተስ?

የሻርሎተንቡርጓ፦ እኔ አልደግፍም። ኡባን 7፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ አለላችሁ አይደል? ከቬርነርቬርክ ጣቢያ እስከ ሲመንስዳም ኡባን ድረስ የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ባቡሩ ያን ያህል ቢያስፈልግ ኖሮ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ይል ነበር? ደግሞ የሲመንስ ኩባንያ በ1929 መስመሩን ያሠራው በራሱ ገንዘብ ነው። በ2018 ግን የፋብሪካ ግቢውን እስከ 600 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቼ አዲስ ሰፈር አደርገዋለሁ ሲል ባቡሩንም ፈለገ፤ የሐዲዱ ወጪ ግን ወደ ግብር ከፋዩ መጣ።

የሽፓንዳው፦ እህቴ፣ «አላስፈለገም» ያልሽው ላይ አልስማማም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤስባንን በምዕራብ በርሊንም ጭምር የሚያስተዳድረው የምሥራቅ ጀርመኑ የባቡር ድርጅት፣ ራይሽስባን፣ ነበር። በነሐሴ 1961 የበርሊን ግንብ ሲቆም የምዕራቡ ፖለቲከኞችና የሠራተኛ ማኅበራት «ለኡልብሪሽት ሳንቲም አትስጡ፣ በኤስባን አትሳፈሩ» ብለው ሕዝቡን ቀሰቀሱ፤ ኡልብሪሽት የምሥራቅ ጀርመን መሪ ነበር። ሰዉም ወደ አውቶቡስና ወደ ኡባን ዞረ። በመስከረም 1980 የምዕራብ በርሊን የራይሽስባን ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ከአድማው በኋላ አስተዳደሩ ብዙ መስመሮችን እንደተዘጉ ተዋቸው፤ የእኛም አንዱ ነበር። አንቺ የጠቀስሽው ኡባን 7 እዚሁ ሰፈር እስካለው ሮርዳም ጣቢያ የተከፈተው በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ነው! ስለዚህ መስመሩን የገደለው ፖለቲካ ነው፤ ተሳፋሪ መጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሠፈሩ ልጅ፦ ልክ ነው።

በሐዲድ ሥራ ያለ፦ ወጪውን ካነሳችሁ አይቀር፣ ይህ መስመር በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ሂዱና ቬርነርቬርክን ከታች ቀና ብላችሁ እዩት፤ የብረት ምሰሶዎቹ ዝገዋል፣ በሐዲዱ መካከል የበርች ዛፍ ሲበቅል ኖሯል። በስፕሬ ወንዝ ላይ የነበረው ድልድይ ስለሌለ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ግን ቅርስ ነውና ብረቱን አፍርሶ መገላገል አይቻልም። ባቡር ሄደበትም አልሄደበትም መጠበቅ አለበት። እኔ በበኩሌ ለቆመ ብረት ከምከፍል ለሚሠራ ባቡር ብከፍል ይሻለኛል።

የሻርሎተንቡርጓ፦ የግንቡን ታሪክ እቀበላለሁ፤ «ሰው ስላልፈለገው» የሚለውን ትቼዋለሁ። የገንዘቡን ነገር ግን አልተውም። ሲመንስ በ1905ም ለሠራተኞቹ ሲል ከወንዙ ማዶ ባለው የሽፓንዳው መስመር ላይ ጣቢያ አሠርቷል፤ ፉርስተንብሩን የተባለው ነው። ሁለት ጊዜ የከፈለ ኩባንያ ለሦስተኛው ምን አገደው? የመሬቱ ዋጋ ሲጨምር ትርፉ ለማን ነው?

የሽፓንዳው፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ የኩባንያው ድርሻ በውል ይጻፍ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በ1929 ባቡሩ የፋብሪካ ሰው ማመላለሻ ነበር። ዛሬ ጋርተንፌልድ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ መኖሪያ ቤቶች እየተሠሩ ነው፤ እዚያ የሚገቡት ሰዎች የሲመንስ ሠራተኞች አይደሉም። ኡባን 7 ጋርተንፌልድ አይደርስም፤ ኤስባኑ ግን በዩንግፈርንሃይደ ጣቢያ በኩል እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ እንዲሄድ ታቅዷል። ከሲመንስ ጋር በድርሻ እስክንስማማ ድረስ እነዚህ ቤተሰቦች አውቶቡስ ይጠብቁ ነው የምትይው?

የሻርሎተንቡርጓ፦ አይጠብቁ። ሥራው ይቀጥል፤ ውሉ ግን ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ለሕዝብ ይፋ ይደረግ።