ክርክር፦ በክለብ ሐይቅ ላይ ሕያው ማጎት ታግዶ የሞተ ብቻ ይፈቀድ?

አወያይ
እንግሊዝ አገር በክለብ ሐይቅ ላይ ለምታጠምዱ ሁሉ። ለስብሰባ የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ማጎት፣ ያው ለዓሣ መኖና ማጥመጃ የምንጠቀምበት የሰማያዊዋ ዝንብ ትል፣ ወደ ሐይቁ የሚገባው ሞቶ ብቻ ይሁን። የተሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። ሕያው ማጎት ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሳይበላ ይቀራል፤ ዳር ላይ የተደፋው ደግሞ ዝንብ ይሆናል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ከነምክንያቱ ጻፉ።

ካርፕ ወዳጅ
እደግፋለሁ። ካርፕና ብሪም የሚባሉት ዓሦች አፋቸውን መሬት ላይ ደፍተው ነው የሚበሉት። ሕያው ማጎት ለስላሳ ጭቃ ላይ ካረፈ ብዙም ሳይቆይ ራሱን ይቀብራል፤ የሞተው ባረፈበት ይቆያል። ከዱቄት መኖ ጋር ሲለወስም ልዩነቱ ይታያል። ሕያው ከሆነ የተለወሰውን የመኖ ኳስ ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል፣ ስትወረውረው አየር ላይ ይበተናል።

አዘገጃጀቱ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው ያበላሸዋል። ትኩስ ማጎት ግዙ፤ ሆዱ ላይ ጥቁር ነጥብ የሚታየው ገና ምግቡን ያልጨረሰ ነው። በወንፊት ነፍታችሁ ሰጋቱራውን፣ ቆዳውንና ወደ ሙሽሬነት (ዝንብ ከመሆኑ በፊት ቅርፊት ወደሚይዝበት ደረጃ) የተለወጠውን አውጡ። ግማሽ ፓይንት (አንድ ፓይንት ከግማሽ ሊትር ትንሽ ይበልጣል) በአንድ ላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ጣት ያህል ውፍረት እስኪኖረው ዘርጉት፣ አየሩን በደንብ ጨምቃችሁ አሽጉና ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። አየር ከቀረበት ሲቀልጥ ቶሎ ይጠቁራል። ሙሉ ፓይንት በአንድ ጉብታ ካስገባችሁ ደግሞ መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ረጅም ሰዓት ይቆያል።

ወንዝ ዳር
እቃወማለሁ። ጋሼ ካርፕ ወዳጅ የጻፉት ለካርፕ እውነት ነው፤ ሐይቁ ግን የካርፕ ብቻ አይደለም። ሮችና ፐርች የሚባሉት ዓሦች ለመብላት የሚነሱት ማጎቱ እየተወራጨ ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው። በማጎት ፊደር የሚያጠምድስ? ፊደሩ ዙሪያውን የተበሳሳ ዝግ ቱቦ ነው፤ ማጎቱ በራሱ ጉልበት በቀዳዳው እየወጣ ነው መኖው የሚበተነው። የሞተ ሞልታችሁ ብትጥሉት እንደተሞላ ይመለሳል። ስለዚህ ደንቡ ትልን ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ የማጥመድ ዘዴን ይከለክላል።

እገዳ ማስረጃ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ትናንሽ የእርሳስ ክብደቶች ሽያጭ በእንግሊዝና በዌልስ ሲከለከል ስዋን የሚባሉት የውሃ ወፎች በእርሳስ እየተመረዙ መሞታቸው ተረጋግጦ ነበር። እዚህ ያለው ማስረጃ የአንድ ሰው ግምት ነው።

ካርፕ ወዳጅ
@ወንዝ ዳር የፊደሩን እቀበላለሁ። ግን በክፍት ፊደር ወይም በሜተድ ፊደር (መኖው በላዩ ላይ ተጠቅጥቆ የሚወረወርበት ክፍት ዕቃ) የሞተው ያለ ችግር ይሠራል። ዘዴው አልጠፋም፣ ዕቃው ተቀየረ።

ሰላም ከሊድስ
ፍሪዘሩን ተዉት፤ የፈላ ውሃ ይሻላል። ግማሽ ፓይንት ማጎት ላይ አንድ ሊትር ያህል ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ያረፈ ውሃ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ ከሠላሳ ሰከንድ ሳያልፍ አጥልላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ትሉ ወዲያው ቀጥ ብሎ ይዘረጋል። ውሃው ካነሰ ማጎቶቹ ራሳቸው ያቀዘቅዙትና ግማሾቹ ይተርፋሉ። ከበዛበት ደግሞ ይልሞሰሞሳል፣ መንጠቆ አይይዝም። ሙቀቱ የሚያጠቁረውን ኢንዛይም ስለሚገድል ቀለሙ ከፍሪዘሩ ይልቅ ይቆያል።

ሌላም አለ። ፍሪዘር ውስጥ ትሉ የሚሞተው ቀስ እያለ ነው፤ በፈላ ውሃ ግን ወዲያው ነው። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የእንግሊዝ የእንስሳት ደህንነት ሕግ የጀርባ አጥንት ያላቸውን ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ በ2022 የወጣው ደግሞ ኦክቶፐስና ሸርጣንን እንጂ ነፍሳትን አልጨመረም። ሕግ አያስገድደንም ማለት ነው። ቢሆንም ደንብ አውጥተን «ገድላችሁ አምጡ» ካልን፣ እንዴት እንደሚገደል መጻፍ የኛ ድርሻ ነው።

ወንዝ ዳር
@ሰላም ከሊድስ እሺ፣ ግን በር ላይ የሚፈትሸው ሰው በምን እንደሞተ በምን ያውቃል? የማይፈተሽ ደንብ ወረቀት ነው።

አሮጌ ዘንግ
ሁላችሁም ዋናውን ዘለላችሁ። ሳይበላ የቀረ መኖ ሞተም ቆመም ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስም ኦክስጅን ይበላል። በነሐሴ ሙቀት ሦስት ፓይንት የሞተ ማጎት የሚያፈስ ሰው ግማሽ ፓይንት ሕያው ከያዘው ይልቅ ይጎዳል። መወሰን ያለበት መጠኑ ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ፓይንት በበጋ (በሙቀቱ ወራት)፣ በክረምት (በብርዱ ወራት) ግማሹ ይበቃል። ዓሣ በብርድ ብዙ አይበላም።

የዝንቡ ክርክርማ የዕቃ ጉዳይ ነው። ማጎት ልስልስ ግድግዳ የሚወጣው ሲረጥብ ነው። ዝናብ ከጀመረ ክዳኑን ግጠሙ፣ ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ የበቆሎ ዱቄት ይኑር፤ አንድም አያመልጥም።

ካርፕ ወዳጅ
መጠን መገደቡ ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ። በክረምት ግን የሞተው እንዲቀደም አሁንም እጠይቃለሁ። አንድ ወይም ሁለት ቀይ የሞተ ማጎት በ18 ቁጥር ትንሽ መንጠቆ፣ ወፍራም ጫፉ ላይ ቆዳውን ብቻ ወጋ አድርጎ፤ በብርድ የፈዘዘ ካርፕ ሳያባርር የሚያነሳው ይህ ነው።

ሰላም ከሊድስ
ድምፅ ከተሰጠ «የሞተ» የሚለው ላይ «ሙሉ በሙሉ የቀለጠ» ይጨመር። ከፍሪዘር በቀጥታ የመጣ ድርቅ ያለ ቁራጭ በረዶው እስኪቀልጥ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ወደ ሌላው ሰው ቦታ ይወስደዋል፣ ዳክዬም ይለቅመዋል። ቤት ሳላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቅልጡት፣ አጥልሉት። የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ፤ ለስልሶ ከመንጠቆ ይወድቃል።

ወንዝ ዳር
በዚህ መልክ ከሆነ፦ መጠን ገድቡ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት የሞተ ብቻ ይሁን፣ በቀሪው ወር ሁለቱም ይፈቀድ። ለዚህ እጄን አወጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ ለሚለው ግን አላወጣም።

አወያይ
የወንዝ ዳር ማሻሻያ ከሰላም ቃል ጋር ለብቻው ተመዝግቧል። የመጀመሪያው ሐሳብም አልተሰረዘም፤ ሁለቱም ለድምፅ ይቀርባሉ።