የጋላክሲ ካርታ የዩኒቨርስን መስፋት እንዴት ይለካል?

የቱሳን አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሪዞና፣ ቱሳን ነው። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ኪት ፒክ ተራራ ወጣሁ። እዚያ ሜያል የሚባል ባለ 4 ሜትር ቴሌስኮፕ አለ፤ ዴዚ የተባለው መሣሪያ የተገጠመው እሱ ላይ ነው። አስጎብኚዋ የጋላክሲዎችን ካርታ እየሠራ፣ የዩኒቨርስን መስፋት ያፋጥናል የሚባለውን ዳርክ ኢነርጂን እንደሚያጠና ነገረችን። ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ፣ "አባዬ፣ ካርታ እኮ የት እንዳሉ ብቻ ነው የሚያሳየው። እየሰፋ መሆኑ በምን ይታወቃል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ቀያሹ፦
ወንድሜ፣ ልጅህ ዋናውን ነገር ነው የጠየቀችው። እኔ ዕድሜዬን መሬት ስቀይስ ነው የኖርኩት፤ በሥራዬ ላስረዳህ። ቶታል ስቴሽን የሚባለው ርቀት ለኪ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ረዳቴ ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ይዞ ራቅ ብሎ ይቆምልኛል። በመነጽሩ አያለሁ። ዘንጉ ሲርቅ አንሶ ይታያል፤ ባነሰው ልክ ርቀቱን አሰላለሁ።

ሰማይም የራሱ ዘንግ አለው። ዩኒቨርስ ገና ጨቅላ ሳለ እጅግ የጋለ ነበር፤ ብርሃንና ቁስ ተጣብቀው ይኖሩ ነበር። በውስጡ የድምፅ ሞገድ ይዘረጋ ነበር፣ ልክ ኩሬ ላይ ጠጠር ሲወድቅ እንደሚሰፋው ክብ። 380,000 ዓመት ገደማ ሲሆነው ቀዘቀዘ፤ ብርሃኑ ተላቀቀ፤ ሞገዱም ባለበት ቆመ። አሻራው ግን እስካሁን አለ። ዛሬ ጋላክሲዎች 490 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ተራርቀው የመገኘት ዕድላቸው ከሌላው ርቀት ትንሽ ከፍ ይላል። ዘንጉ ይኸው ነው። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጋላክሲ አይበቃም፤ ሚሊዮኖች ያስፈልጋሉ። ዴዚ 5,000 ትንንሽ ሮቦቶች ያሉት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ሮቦት አንድ የፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) ጫፍ የአንድ ጋላክሲ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያደርሳል።

ከዚያ ብርሃኑ ምን ያህል ወደ ቀይ እንደተሳበ ይታያል። ይህ ደግሞ ብርሃኑ ከተነሣ ወዲህ ዩኒቨርስ ስንት እጥፍ እንደሰፋ ይነግርሃል። ርቀቱን ከዘንጉ፣ መስፋቱን ከቀለሙ ታገኛለህ። ይህን በየዘመኑ ስታደርገው መስፋቱ መቼ እንደዘገየ፣ መቼ እንደፈጠነ ይወጣል። እኔ ይህን የተረዳሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የቱሳን አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዳርክ ኢነርጂ እየተዳከመ ነው የሚባለውስ?

የፊዚክስ ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ ገና አልተረጋገጠም። በማርች 2025 የወጣው የ3 ዓመት ውጤት ወደ 15 ሚሊዮን ጋላክሲና ኳዛር (እጅግ ደማቅ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት) የያዘ ነው። የዴዚ መረጃ ለብቻው ሲታይ ከማይለወጥ ዳርክ ኢነርጂ ጋር ይስማማል። ከሱፐርኖቫ (ከሚፈነዱ ኮከቦች) መረጃና ቀያሹ ተላቀቀ ካሉት ከጥንቱ ብርሃን መረጃ ጋር ሲጣመር ግን መዳከሙን የሚጠቁም ነገር ይታያል፤ ጥንካሬው እንደ ሱፐርኖቫው ስብስብ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ ነው፤ ሲግማ ውጤቱ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ላለመሆኑ መለኪያ ነው። ግኝት ለማለት 5 ይጠበቃል።

የቱሳን አባት፦
ልጄ አሁን አንብባው፣ "ዘንጉ ራሱ አብሮ አይሰፋም ወይ?" አለች።

ቀያሹ፦
ይሰፋል እንጂ! 490 ያልኩት የዛሬ ርዝመቱን ነው። ብርሃኑ የተነሣው ዩኒቨርስ የዛሬውን ግማሽ ሳለ ከሆነ ዘንጉም ያኔ ግማሽ ነበር። ስሌቱ ውስጥ ይገባል። ልጅቷን በርቺ በልልኝ።