«መሀንት» እና «ፓርባንዳክ ኮሚቴ» በአማርኛ

ጥያቄ፦ ውድ አባላት፣ የሲኮች (በሕንድ ክፍለ አህጉር፣ በፑንጃብ የተነሣ ሃይማኖት ተከታዮች) ቤተ ጸሎት ስለሆነው ጉርድዋራ አስተዳደር የሚያወሳ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «መሀንት»ን «አለቃ»፣ «ፓርባንዳክ ኮሚቴ»ን ደግሞ «የአስተዳደር ቦርድ» ብያቸዋለሁ። ሆኖም «አለቃ» ማለቴ ሲኮች ለለውጥ የተነሡበትን ምክንያት የሸፈነብኝ ይመስለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። የደብር አለቃ ተሹሞ ይመጣል፣ ተሽሮም ይነሣል፤ መሀንቱ ግን ጉርድዋራውን ከአባቱ ወይም ከመምህሩ ተረክቦ ለተከታዩ የሚያወርስ ጠባቂ ነበር። እንግሊዞች በ1849 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፑንጃብን ከያዙ በኋላ የጉርድዋራው መሬት በብዙ ቦታ በመሀንቶቹ ስም ስለተመዘገበ፣ ለአገልግሎት የተሰጠው ገቢ የግል ሀብት ወደ መሆን አዘነበለ። ለዚህ አማርኛ ቃል አላጣም፤ ጉልት ከሹመትና ከአገልግሎት ጋር የሚሄድ መብት ሲሆን፣ በዘር የሚወርድ ሲሆን «ርስተ ጉልት» ይባላል። ስለዚህ «መሀንት»ን እንዳለ ይተዉትና መጀመሪያ ሲጠቅሱት «ጉርድዋራውን እንደ ርስተ ጉልት የያዘ ጠባቂ» ብለው ይፍቱት። ያን ጊዜ አንባቢው ከ1920 እስከ 1925 ሲኮች ስለ ጉርድዋራዎቻቸው ለምን እንደታሰሩና እንደተገደሉ ይገባዋል። በ1921 የሃይማኖቱ መሥራች የጉሩ ናናክ የትውልድ ቦታ በሆነችው ናንካና ሳሂብ፣ ወደ ጉርድዋራው የገቡ ምእመናን በመሀንቱ ቅጥረኞች ተጨፍጭፈዋል።

«ቦርድ» ግን አይስማማኝም፤ ቦርድ ከላይ የሚሰየም አካል ያስመስለዋል። የ1925ቱ የጉርድዋራዎች ሕግ አስተዳደሩን ሴቶችም ድምፅ በሚሰጡበት ምርጫ ለሚቋቋም አካል አስረከበ። መራጩ ምእመኑ በመሆኑ ወደ ሰበካ ጉባኤ ይቀርባል፤ ነገር ግን መቀመጫው በፑንጃብ የምትገኘው የአምሪትሳር ከተማ ሆኖ ብዙ ጉርድዋራዎችን ስለሚያስተዳድር «የጉርድዋራዎች አስተዳደር ጉባኤ» ቢሉት ይሻላል።

ሌላ አባል፦ በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። የጉባኤውን የዛሬ መሪዎች የሚተቹ ሰዎችም «ርስት አደረጉት» ማለት ይቀናቸዋል። አምስት ዓመት ለሆነው የሥራ ዘመን የመጨረሻው ጠቅላላ ምርጫ የተደረገው በ2011 ነው፤ ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ ቢመረጥም የሚመርጡት እነዚያው አባላት ናቸው። ቁጭቱን እጋራለሁ፤ ጉባኤውንም አንድ ፓርቲ፣ አካሊ ዳል፣ ለረጅም ዘመን ተቆጣጥሮታል። ያም ሆኖ እነዚህ ሰዎች ሥልጣኑን አልወረሱትም፤ «የሥራ ዘመኑ ያለፈበት ጉባኤ» ማለት ይበቃል፣ መፍትሔውንም በትክክል ያሳያል። የመሀንቶቹን ይዞታ ለማስለቀቅ አዲስ ሕግ አስፈልጎ ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ግን በሕጉ የተጻፈውን ምርጫ በወቅቱ ማካሄድ ነው። ጽሑፍዎ ስለ ገንዘብ ቁጥጥር የሚያነሣ ከሆነ፣ ምእመኑ ከቅዱስ መጽሐፋቸው ፊት ሲሰግድ ገንዘብ የሚጨምርበትን «ጎላክ» ሳይጨነቁ «ሙዳየ ምጽዋት» ይበሉት።