የጓሮ ዘር በምን ይቀመጥ? ሀዋሳ ለምትኖሩ ጥቆማ

ሰሞኑን አጥር የምንጋራቸው እናት በፌስታል የተቋጠረ የጎመን ዘር ይዘው መጡ። «ልጄ፣ መቼም አንቺ ቤት ጠርሙስ አይጠፋም። እስቲ ይኼን በምን ላድርገው?» አሉኝ። ፌስታሉን ስፈታው ዘሩ እርስ በርሱ ተያይዟል። ጠረን ጀምሮታል። ክረምቱን ሙሉ ጓዳ ውስጥ፣ ምጣዱ አጠገብ ተሰቅሎ ነው የከረመው። የአምና ልፋታቸው ነውና በጣም አሳዘነኝ። ለእሳቸው ያልኳቸውን እዚህም ልጻፈው፤ ብዙዎቻችን በዚሁ መንገድ ነው ዘር የምናጣው።

ከዕቃው በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ዕቃ ዘር አያደርቅም። ደረቅ ዘር ከከተትንበት ድርቀቱን ይጠብቅለታል። እርጥብ ከከተትንበት ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ያቆይበታል። እኔ ይኼን ያወቅኩት በዱባ ዘር ነው። ነሐሴ ላይ ሁለት ቀን ብቻ አስጥቼ፣ ክዳኑ ጥብቅ ባለ ጠርሙስ ዘጋሁት። መስከረም ላይ ስከፍተው የጠርሙሱ ሆድ አልቦታል፣ ዘሩ ሻግቷል። አንድም አልበቀለልኝም። ያኔ በተራ ወረቀት ፖስታ ትቼው ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። ዘራችሁ በደንብ መድረቁን እስክታረጋግጡ ድረስ ወረቀት ከምርጡ ጠርሙስ ይሻላል።

መድረቁን በምን እናውቃለን? የዱባ ዘር ስታጥፉት መጉበጥ የለበትም፤ ቀጭ ብሎ ይሰበር። ቦሎቄ በድንጋይ ሲመታ መፈረካከስ አለበት፤ ከተጨፈለቀ ገና ነው። ለቦሎቄና ለበቆሎ ሌላም ቀላል መንገድ አለ። ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እህሉን አድርጉ፣ በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሩበት፣ ዝጉና ነቅንቁት። 15 ደቂቃ ያህል ተዉት። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ መልሳችሁ አስጡት። ካልተለጠፈ በጎ ምልክት ነው። ግን አጥብቆ ለመዝጋት ይኼ ብቻውን አይበቃም፣ ሰብራችሁም እዩት። የምታሰጡትም ሰፌድ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሁን። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቀትር ፀሐይ የተሰጣ ዘር ይበስላል።

አሁን ወደ ዕቃው።

የኔ አንደኛ ምርጫ የብርጭቆ ጠርሙስ ነው፤ የማርማላታ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም የቡና። ብርጭቆ እርጥበት አያሳልፍም፣ ነቀዝ አይበሳውም፣ አይጥ አይደፍረውም። ችግር ካለ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ከቁራሌዎች ስትገዙ ክዳኑን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ዙሪያውን ለስላሳ ጎማ መሳይ ቀለበት አለ። ከተሰነጠቀ ወይም ከተላጠ ተዉት። እኔ ቤት ሳደርሰው ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልቼ፣ ደረቅ ጋዜጣ ላይ ገልብጬ ለአንድ ሰዓት አቆመዋለሁ። ጋዜጣው ላይ ጠብታ ከታየ ያ ጠርሙስ ለበርበሬ እንጂ ለዘር አይሆንም። ካለፈ በኋላም ውስጡ ፍጹም ይድረቅ፤ እኔ ሁለት ቀን ክፍቱን እተወዋለሁ።

ዘሩን ጠርሙሱ ውስጥ ዝም ብዬ አላፈስሰውም። እያንዳንዱን በትንሽ ወረቀት ፖስታ አድርጌ፣ ፖስታዎቹን ጠርሙሱ ውስጥ አቆማቸዋለሁ። አንድ ጠርሙስ ሰባት ስምንት ዓይነት ይይዝልኛል። የምከፋፍላቸውም በመዝሪያ ጊዜያቸው ነው። በበልግ የሚዘሩት ለብቻ፣ በመስኖ በበጋ የሚዘሩት ለብቻ። ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር የሀዋሳ አየር ይገባል። በተለይ ሐይቅ ዳር ለምትኖሩ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የምጠቁማችሁ ብዙ ሰው የማያስበውን ነው፤ የፋርማሲ ባዶ ዕቃ። እንክብል በብዛት የሚመጣበት ነጭ ወፍራም ፕላስቲክ አለ፣ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ጥብቅ። ከውስጡ ብዙ ጊዜ ትንሽ የሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ) ከረጢት አይጠፋም። ሰፈራችሁ ያለውን ፋርማሲ በትሕትና ጠይቁ። እኔ በነፃ ነው የተሰጠኝ። ግን በሳሙና አጥባችሁ፣ የመድኃኒቱን ስም ልጣችሁ፣ «ዘር» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ልጅ ያለበት ቤት ይኼ ግዴታ ነው።

ሃይላንድ ለቦሎቄና ለበቆሎ ዘር በጣም ጥሩ ነው። የሁለት ሊትሩን በደንብ አድርቁና እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፤ እየመታችሁ አስጠጉት፣ አየር ቦታ እንዳያገኝ። ከዚያ ክዳኑን አጥብቁት። ውስጥ የገባ ነቀዝ ቢኖር ያለችውን ትንሽ አየር ይጨርስና ይሞታል። መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ግማሽ ድረስ የተሞላ ሃይላንድ ግን ለነቀዝ ቤት ሠርቶ መስጠት ነው። ደግሞ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ እርጥበት ቀስ በቀስ ያሳልፋል። ከመኸር እስከ መኸር እንጂ ለሦስት አራት ዓመት አልመክረውም።

የወተት ዱቄት ጣሳ ብርሃን አያስገባም፣ ሲወድቅም አይሰበርም። የሚያሳማው የፕላስቲክ ክዳኑ ነው፣ ላላ ይላል። ዙሪያውን በፕላስተር ካሸጋችሁት ይሠራል። የተቆላ ቡና የሚሸጥበት ውስጡ ብርማ የሆነ ከረጢትም አትጣሉ። አፉን በጋለ ካውያ፣ ወረቀት ደርባችሁ ተጫኑት፣ ይታሸጋል። መተንፈሻ ቀዳዳ ካለው እሱንም በፕላስተር ድፈኑ። አዲስ አበባ ያለው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክም ያደረቀውን ዘር በአሉሚኒየም ከረጢት አሽጎ ነው ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ የሚያስቀምጠው።

ፌስታል? ከገበያ እስከ ቤት ብቻ። ዚፕ ያለው ላስቲክ ትንሽ ይሻላል፣ ግን እሱንም ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት። ባለ ሦስት ድርቡ ፒክስ ከረጢት ድንቅ ነገር ነው፣ ግን የተሠራው ለኩንታል እህል ነው። ለጓሮ አይሆንም።

ስለ ቅል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እናቴ የጎመንና የዱባ ዘር በቅል አድርጋ፣ አፉን በእበት መርጋ፣ ከምድጃው በላይ ትሰቅለው ነበር። ዓመት ከዓመት ይበቅልላታል። እኔም ከተማ ስገባ አንድ ቅል ይዤ መጣሁ። አልሆነልኝም። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። የእናቴ ቅል ከሥሩ በየቀኑ እሳት ይነድ ነበር። ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ጭሱ ነቀዝ ያባርራል። የኔ ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የሚጋገረው፤ እንፋሎት እንጂ ጭስ የለውም። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ቅሉን አታስጥሏቸው፣ እዚያ በትክክል ይሠራል። ምድጃ ለሌለው ቤት ግን ጠርሙስ ያዙ።

ማድረቂያ ለመጨመር ከፈለጋችሁ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣው ሲሊካ ጄል ይሆናል። ካጣችሁ ሩዝ ምጣድ ላይ እስኪቀላ ቁሉት። ትኩሱን ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ዘግታችሁ አቀዝቅዙት። ከዚያ በጨርቅ ቋጥራችሁ ከዘሩ ጋር አድርጉ። ሳትቆሉት የምታስገቡት ሩዝ ምንም አይጠቅምም።

ጠርሙሱን የት እናስቀምጠው ካላችሁ፣ ወጥ ቤት አይሁን። መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ሥር ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። የዘር ባለሙያዎች የሚመሩበት ግምት አለ። የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል፤ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ሲቀንስም እንደዚያው። ስለዚህ ፍሪጅ ያለው ይጠቀም፣ ዘሩ በደንብ ከደረቀ ብቻ። ስታወጡት ግን ጠርሙሱን ወዲያው አትክፈቱ። ማታ አውጡት፣ ጠዋት ክፈቱት። ቀዝቃዛ ዘር ላይ የክፍል አየር ከደረሰበት ጤዛ ይይዘዋል።

በጥሩ ዕቃም ቢሆን ዕድሜው ይለያያል። የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው አልተማመንበትም። ቃሪያ 2 ወይም 3 ዓመት፣ ካሮት 3፣ ቲማቲምና ዱባ 4 ዓመት ገደማ ይቆያሉ። አቦካዶና ማንጎን ግን በጭራሽ ለማድረቅ እንዳትሞክሩ። ፍሬያቸው ከደረቀ ይሞታል፤ እንደወጣ ነው የሚተከለው።

ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፉ። ስክሪብቶ ይደበዝዛል፣ እርሳስ አይለቅም። እኔ የምጽፈው «ቃሪያ፣ ማረቆ ፋና፣ ታኅሣሥ 2017፣ ከራሴ ጓሮ» እያልኩ ነው። የመጨረሻዋ ቃል ትጠቅማለች። ከሱቅ የተገዛ ድቅል ዘር ከሆነ ከእሱ የሚለቀመው ዘር እናቱን አይመስልምና።

የእኚያን እናት ጎመን ግን አልጣልነውም። የሻገተውን ለይተን ቀሪውን ሰፌድ ላይ አሰጣነው። 10 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለን ሰሃን ላይ አስቀመጥን። በአምስተኛው ቀን ስንገልጠው 6ቱ ነጭ ሥር አውጥተዋል። «እንግዲያው ጠቅጠቅ አድርጌ እዘራዋለሁ» አሉ። የተረፈውን በፖስታ አድርገን፣ ክዳኑን የፈተሽኩትን አንድ የቡና ጠርሙስ ሰጠኋቸው። ፖስታው ላይ በእርሳስ የጻፈችው የልጅ ልጃቸው ናት።