በአዲስ አበባ ዳርቻ መኪና ሲቆምባችሁ ማን ያንሳው? የትስ ይደር? (ጥቆማ)

ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መኪናዋ ቆሞባት «የምታምኑት ክሬን ጠቁሙኝ» ብላ ነበር፤ የተበላሸ መኪና አንስቶ የሚጎትተውን ማለቷ ነው። ሁላችንም ስልክ ቁጥር ላክንላት። እኔም አንድ ቁጥር ሰጠኋት። ማታ ሳስበው ግን ከቁጥሩ በፊት ልነግራት የሚገባ ብዙ ነገር ነበር። ይኼን የምጽፈው ለእሷም፣ ነገ ለሚደርስበትም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ከገላን ወደ ቤት ስመለስ የኮሮላዬ ፍሪሲዮን አለቀ። መሽቷል፣ ዝናቡ ይወርዳል። ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ክሬን መጥቶ ፊቴ ቆመ። አልደወልኩለትም። «ስንት ነው?» አልኩት። «አንጣላም» አለኝ። ልጆቹ ወዲያው ካቦውን አውጥተው አሰሩ፣ አፍንጫዋን አነሷት። «በዚህ ሰዓት ጋራዥ ዝግ ነው» ብለው የሚያውቁት ግቢ አስገቧት። በነጋታው ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ስመለስ ስድስት ሌሊት አድራለች። ለማንሻ 5 ሺህ፣ ለማቆሚያ ደግሞ 6 ሺህ ብር ተባልኩ። ደረሰኝ የለም። የኋላውን ኮፈን ስከፍት ስኮርት ጎማውም ክሪኩም የሉም። ጥበቃውን ጠየቅኩት። «እኔ ስረከብ አልነበረም» አለኝ። ምን ልበለው? እሱ ሲረከብ ምን እንደነበረ የተጻፈ ነገር በእጄ የለም። ከፍዬ ወጣሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ ይኼ ነው፦ «አንጣላም» ያለን ሰው ካቦ አታስነኩት። የሚያጣላው እሱ ቃል ነው። ዋጋው የሚቆረጠው መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው። አንዴ ከተነሳ በኋላ መከራከሪያ የላችሁም፤ እናንተ ዝናብ ላይ ናችሁ፣ መኪናው እሱ እጅ ነው።

ስትደውሉ እንዲህ በሉ፦ «ኮሮላ ነው፣ ማኑዋል። የቆመው ቱሉ ዲምቱ አደባባይን አለፍ ብሎ ነው። የሚሄደው ሳሪስ ጋራዥ ነው። መጥታችሁ፣ አንስታችሁ፣ እዚያ አውርዳችሁ፣ ጠቅላላ ስንት?» ጠቅላላ የምትለዋን ቃል አትርሷት። የመምጫ፣ የማንሻ፣ የኪሎ ሜትር፣ የማታ፣ የማውረጃ እየተባለ አንዱ ዋጋ አምስት ሊሆን ይችላል። ከዚያ «በቴክስት ላክልኝ» በሉት። ቁም ነገረኛ ሰው ይልካል። ካልላከ ሌላ ጋ ደውሉ። ስትከፍሉም በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፤ ማስረጃው ስልካችሁ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ማነጻጸሩ። እኛ አካባቢ ያሉት ምርጫዎች ገመድ፣ ክሬንና ጀርባው ሜዳ የሆነ ጫኝ መኪና ናቸው። የሚሻለው እንደ መኪናችሁ ነው።

ገመድ ሁላችንም የምናውቀው ነው። አንድ አይሱዙ ወይም የጎረቤት መኪና ይጎትታል፣ ብዙ ጊዜ በነፃ ወይም በሻይ ነው። ማኑዋል ከሆነ፣ ቀን ከሆነ፣ መንገዱ ሜዳ ከሆነ፣ ጋራዡም ቅርብ ከሆነ አልቃወምም። ግን ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ይጠፋል፣ መሪውም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ፍሬኑን በሙሉ ጉልበት ካልረገጣችሁ አይዝም። ቁልፉን ሳትከፍቱ ከተጎተታችሁ ደግሞ መሪው ይቆለፋል። ገመዱን ባምፐር ላይ አትሰሩ። ብዙ መኪና ከክሪኩ ጋር የተቀመጠች፣ ፊት ለፊት የምትጠለቅ የመጎተቻ ቀለበት አለችው። ዛሬውኑ የኋላውን ኮፈን ከፍታችሁ መኖሯን እዩ። ከሱሉልታ በኩል በቁልቁለት ወደ ከተማ ለሚገባ መኪና ግን ገመድ ጨርሶ አልመክርም። እዚያ ፍሬን አልያዘም ማለት ከፊት ያለውን መኪና መግባት ነው።

አውቶማቲክ ያላችሁ ገመድን እርሱት። ሞተር ሳይሠራ ጎማው ብቻ ሲዞር ካምቢዮው ውስጥ ዘይት የሚረጨው ፓምፕ አይሠራም። በደረቁ ይፈጫል። አንድ ጎረቤቴ የባትሪ ችግር የነበረበትን መኪና ከዱከም አስጎትቶ ሲመጣ ካምቢዮ አስቀይሯል። ለባትሪ ወጥቶ በካምቢዮ ተመለሰ።

ክሬኑ፣ ማለትም የፊቱን ወይም የኋላውን አንስቶ የሚጎትተው፣ እኛ አካባቢ ቶሎ የሚገኘው ነው። እንደ ቪትዝና እንደ አብዛኛው ኮሮላ በፊት ጎማው ለሚነዳ መኪና የፊቱ ተነስቶ ቢሄድ ጥሩ ነው። በኋላ ጎማው የሚነዳው ሚኒባስ ግን የኋላው ነው መነሳት ያለበት። ልጆቹ ሁልጊዜ ይኼን አይጠይቁም፣ የቀረባቸውን ያነሳሉ። «በየትኛው ጎማ ነው የሚነዳው?» ብሎ ከጠየቃችሁ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው፣ ቁጥሩን ያዙት።

ጀርባው ሜዳ የሆነው፣ አራቱንም ጎማ ከመሬት አንስቶ የሚጭነው፣ ውድ ነው። ለአውቶማቲክ፣ ለፎር ዊልና ለኤሌክትሪክ መኪና ግን እኔ ሌላ ምርጫ አላይም። በተለይ ኤሌክትሪክ! በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አያትና ለገጣፎ በኩል ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የብዙዎቹ ሞተር ከጎማው ጋር እንደተያያዘ ነው። ጎማው በተዞረ ቁጥር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። የመኪናው መመሪያም በጭነት ብቻ ይወሰድ ይላል። ስትደውሉ «ጀርባው ሙሉ ነው ወይስ ማንሻ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንሻ ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ቢኖርባችሁም ጠብቁ።

አዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከሆነ የቆመባችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ መንገደኛ ክሬን ወይም ገመድ አትቀበሉ። የክፍያ መንገዱ አስተዳደር የራሱ ማንሻ መኪና አለው። ወደ ዳር ውጡ፣ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂውን ራቅ አድርጋችሁ ከኋላ አቁሙ፣ ከመኪናው ወርዳችሁ ከመንገዱ ዳር የብረት አጥር ማዶ ጠብቁ። እዚያ መንገድ ላይ መኪና በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ታውቁታላችሁ።

አደጋ ከሆነ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ሳያነሳ መኪናውን ማንም እንዳይነካው። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው፤ ስልካችሁ ውስጥ መዝግቧቸው። ለኢንሹራንሳችሁም ክሬኑ ከመምጣቱ በፊት ደውሉ። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ የእናንተን መኪና ማንሻ አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና የገባችሁ ግን ውላችሁን አውጡና እዩ፤ እስከ ቅርብ ጋራዥ ድረስ ያለውን የማንሻ ወጪ እስከ አንድ ልክ የሚሸፍን አንቀጽ ይኖረዋል። ያለ ደረሰኝ ግን አንድ ብር አይመለስም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስብበት፣ እኔን ግን ወደጎዳኝ ነገር ልምጣ። ማቆሚያው።

ከሁሉም የሚሻለው መኪናው ማቆሚያ ግቢ ጭራሽ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ጋራዥ ዝግ ከሆነ ወደ ሰፈራችሁ አስወስዱት። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ የምታውቁት ጥበቃ ፊት ቢያድር፣ በማግስቱ ሌላ ማንሻ ብትከፍሉ እንኳ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሁለተኛው ምርጫዬ የምታውቁት ጋራዥ ነው። ሠሪው የማቆሚያ ሳይሆን የሥራ ገንዘብ ነው የሚፈልገው፣ በሌሊት አይቆጥርባችሁም። ማደያ ግቢ ለአንድ ሌሊት ከተፈቀደላችሁ ጥሩ ነው፤ መብራት አለው፣ ሰው አይጠፋበትም። በቀን የሚያስከፍል ባለ ጥበቃ ማቆሚያ የመጨረሻው ነው። እሱም ቢሆን ወረቀት ካለው ክፉ አይደለም።

ወረቀቱ ምን ይሁን? ግማሽ ሉክ በቂ ነው። እኔ አሁን ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ኪሱ ውስጥ ባዶ ወረቀትና እስክሪቢቶ ይዤ ነው የምዞረው። ታርጋ፣ ቀንና ሰዓት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ የነዳጁ መጠን፣ ስኮርት ጎማ፣ ክሪክ፣ ባትሪው ከነስሙ፣ ቴፑ፣ ሁለቱም ስፖኪዮ። የሌሊቱ ዋጋ። አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ፊርማ። ከዚያ መኪናውን በአራቱም ማዕዘን፣ ክሩስኮቱን፣ የኋላውን ኮፈን ውስጥ በስልክ አንሱ። ሊብሬውን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) ይዛችሁ ሂዱ፣ መኪናው ውስጥ አትተዉ። ተረካቢው «አታምነኝም?» ይላል። «አምንሃለሁ፣ ለሁለታችንም ነው» በሉት። ስድስት ሌሊት የጠበቀ ሐቀኛ ጥበቃም በእኔ ስኮርት ጎማ መጠርጠር የለበትም። ወረቀት ለእሱም መከታ ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉ። አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2779 ጀምሮ ስለ አደራ ይናገራል፤ ዕቃ ተረክቦ የሚያኖር ሰው በጥንቃቄ ጠብቆ የመመለስ ግዴታ አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ፣ ደረሰኝም እንዲሰጥ ያዛል። የንግድ ፈቃድም በአዋጅ 980/2008 በየዓመቱ የሚታደስ፣ በንግድ ቤቱ በግልጽ የሚቀመጥ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በቃሊቲ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ የገባሁባቸውን ግቢዎች ሁሉ በር በር ሳይ ከርሜአለሁ። ዋጋ የለጠፈ አንድም አላገኘሁም። ፈቃዱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ አንድ አይቻለሁ፣ አሁን ጓደኞቼን ወደዚያ ነው የምልከው።

የእኛ አካባቢ ችግር ደግሞ ድንበሩ ነው። መኪናችሁ የሚቆመው አዲስ አበባ ውስጥ፣ የሚያድረው ሸገር ከተማ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሸገር በ2015 ከተመሠረተ ወዲህ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በአንድ አስተዳደር ሥር ናቸው። አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ብትከሱ «ግቢው የእኛ ክልል አይደለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ቅሬታችሁን የምታቀርቡት ግቢው ባለበት አስተዳደር ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ክሬኑ መንገድ ላይ ባደረገው ነገር ከሆነ ግን ታርጋውን ይዛችሁ እዚያው ላለው ትራፊክ ፖሊስ ንገሩ። የክሬኑን ታርጋ ፎቶ ማንሳት ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

እኔ ከሁለቱም አስተዳደሮች የምፈልገው ብዙ አይደለም። ለማንሻና ለሌሊት ማቆሚያ ጣሪያ ዋጋ ይውጣ፤ እንደ ታክሲ ታሪፍ ክሬኑ በር ላይ ይለጠፍ። የርክክብ ቅጹ አንድ ዓይነት ይሁን፣ መንገዱ ማዶ ሲሻገር አይቀየር። መኪና ሲገባ ባለቤቱ በዚያው ቀን ይነገረው፣ ካልተነገረው ሌሊት አይቆጠርበት። ይኼ ሌላ አገር የተለመደ ነው። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ለሚጎትተውም ለሚያቆመውም ፈቃድ የሚሰጠው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የማቆሚያው የቀን ዋጋም ጣሪያ አለው፣ መኪናው ያለ አግባብ ተነሳብኝ የሚል ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰማት ይችላል። የእኛ ማኅበር ደብዳቤ ካዘጋጀ እኔ ይዤ እሄዳለሁ፣ መኪና ያላችሁ ፈርሙበት።

ለእህታችን፦ መኪናሽ አውቶማቲክ ነው ብለሻል። ባለ ሜዳ ጀርባውን ጥሪ፣ በቀን ብርሃን ይምጣ፣ በቀጥታ ጋራዥ ይውረድ። የሰጠሁሽ ቁጥር የክሬን ነው፣ ተይው።

ሰበታና ቡራዩ በኩል ያላችሁ፣ ዋጋውን በር ላይ የለጠፈና ርክክብ የሚጽፍ ማቆሚያ ካወቃችሁ ቦታውን ጻፉልን። የማታ የሚሠራ ባለ ሜዳ ጀርባ መኪናም ከሱሉልታ በኩል እየፈለግን ነው።